ከርነሉ በየቀኑ ሌላውን ሲከስ ምን ይደረጋል?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። (ከርነል ማለት የሊኑክስ እምብርት፣ ማሽኑንና ሜሞሪውን የሚያስተዳድረው ኮድ ነው።) ጠያቂዋ ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ባለች ትንሽ ቢሮ ትሠራለች። ሊኑክስ የተጫነባቸው የሽያጭ ማሽኖች አሏቸው፤ የደረሰኝ ማተሚያውን ድራይቨር፣ ማለትም ከርነሉ ማተሚያውን እንዲያዝ የሚያደርገውን ኮድ፣ የጻፉት ራሳቸው ናቸው። ማሽኖቹ በሁለት በሦስት ቀን አንዴ ድንገት ይሞታሉ። ከርነሉ ሲሞት የሚጽፈው ሪፖርት አንድ ቀን ኔትወርኩን ይከሳል፣ አንድ ቀን ፋይል ሲስተሙን፣ ሌላ ቀን ደግሞ ጭራሽ ስሙን ሰምታው የማታውቀውን ፈንክሽን። "የእኛ ድራይቨር ስሙ አንዴም አልተነሳም፤ አለቃዬ ግን ጥፋቱ የእኛ ነው ይላል። የከርነሉ ሜሞሪ አሎኬተር ስህተቱን በግልጽ እንዲናገር ማድረግ ይቻላል? ወይስ የራሳችንን አሎኬተር እንጻፍ?"

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። የራሳችሁን አሎኬተር አትጻፉ። አንድ ባግ እያሳደዳችሁ ሌላ አሥር ትወልዳላችሁ። ያላችሁ አሎኬተር መናገር ይችላል፤ ዝም በል ስለተባለ ነው ዝም ያለው። አለቃሽ ደግሞ፣ ይቅርታ አድርጊልኝና፣ ልክ ሳይሆን አይቀርም። ተከሳሹ በየቀኑ ሲለዋወጥ፣ ማሽኑ ላይ ካለው ኮድ ሁሉ በጥቂት ሰው እጅ ብቻ ያለፈውን ነው መጀመሪያ የምጠረጥረው። ያ ደግሞ የእናንተ ድራይቨር ነው።

የእድር ዕቃ ቤት አስቢ። ድስት፣ ሰሃን፣ ወንበር፣ ድንኳን። የቸገረው ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። የአሎኬተሩም ሥራ ይኸው ነው። ድራይቨሩ፣ ኔትወርኩ፣ ፋይል ሲስተሙ እየመጡ "64 ባይት ስጠኝ" ይላሉ፤ ይሰጣል፤ ይመልሱለታል። አሁን አንዱ ጎረቤት ድስቱን ከመለሰ በኋላ በጓሮ በር ገብቶ ሽሮውን ሠራበት እንበል። በማግስቱ ድስቱ ለሌላ ለቅሶ ቤት ይሄዳል። ክዳኑን የከፈተችው ሴትዮ ትጮኻለች። ጩኸቱ የተሰማው ከእሷ ቤት ነው። ሪፖርትሽ ላይ በየቀኑ የምታዪው ኔትወርክና ፋይል ሲስተም ያቺ ሴትዮ ናቸው።

ሌላው ዓይነት ሞልቶ የሚፈስ ነው። 64 ባይት ወስዶ 67 የሚጽፍ። መጠናቸው የሚቀራረብ ዕቃዎች አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ትርፏ ሦስት ባይት አጠገቡ ያለው ሰው ዕቃ ላይ ትፈሳለች። ያ ሰው ዕቃውን እስኪነካ ድረስ ማንም ምንም አያውቅም። ደቂቃ ሊሆን ይችላል፣ ግማሽ ቀንም ሊሆን ይችላል።

ዕቃ ቤቱ ታዲያ ለምን አይመዘግብም? ጊዜ የለውማ። ይህ ኮድ ከርነሉ ውስጥ በጣም ደጋግመው ከሚጠሩት አንዱ ነው፤ እያንዳንዷን ርክክብ ልጻፍ ቢል ማሽኑ ይጎተታል። መዝገቡ ግን ተሠርቶ ተቀምጧል። በብዙዎቹ ዲስትሪቢውሽኖች ከከርነሉ ጋር አብሮ ነው የሚመጣው፤ ተዘግቶ።

ትንሽ ታሪክ፣ ምክንያቱም ስሞቹ ግራ ያጋባሉ። የ"ስላብ" ሐሳብ፣ ማለትም ዕቃን እንዲህ በመደርደሪያ ለይቶ ማስቀመጥ፣ የመጣው በ1994 ከሰን ኩባንያው ጄፍ ቦንዊክ ነው። ሊኑክስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሦስት ወንድማማች አሎኬተሮች ነበሩ፦ ስላብ፣ ስሎብ እና ስለብ። ስለብን ክሪስቶፍ ላሜተር ጽፎት በ2007 በ2.6.22 ከርነል ገባ። ስሎብ በ2023፣ ስላብ በ2024 ተሰናበቱ፤ አሁን የቀረው ስለብ ብቻ ነው። የቆዩ ጽሑፎች ላይ ሌላ ነገር ካነበብሽ አትደናገጪ።

አሁን መዝገቡን እንክፈት። ማሽኑ ሲነሳ ለከርነሉ በሚሰጠው የቡት መስመር ላይ "ስለብ ዲበግ" የሚባለውን አማራጭ ትጨምሪያለሽ፤ በሁለቱ ቃላት መካከል አንደርስኮር አለ። በአዲሶቹ ከርነሎች "ስላብ ዲበግ" ተብሎ ተሰይሟል፤ የድሮውም ስም ይሠራል። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ አራት የእንግሊዝኛ ፊደሎች፦ ኤፍ፣ ዜድ፣ ፒ፣ ዩ። ከዚያ ኮማ፣ ከዚያ የመደርደሪያው ስም፣ ለምሳሌ የ64 ባይት ዕቃዎች የጋራ መደርደሪያ የሆነው ኬማሎክ-64። ስሙን ካልጻፍሽ ሁሉም መደርደሪያ ላይ ይሠራል፤ ማሽኑም ይዝላል። ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ወረፋ ይዞ እየጠበቀ ይህን አታድርጊ።

ኤፍ ማለት በእያንዳንዱ መስጠትና መመለስ ላይ "ይህ ዕቃ በእርግጥ የእኔ ነው? ቀድሞ ተመልሶ አልነበረም?" ብሎ መፈተሽ ነው። አንድ ዕቃ ሁለቴ ሲመለስ የሚያዘው እዚህ ነው። ዜድ ቀይ ቀጠናው ነው። ከዕቃው ዳርና ዳር ማንም ሊጽፍበት የማይገባ ቦታ ትቶ በታወቀ ቁጥር ይሞላዋል፦ ዕቃው ሰው እጅ ላይ ሳለ ሲሲ ሲሲ ሲሲ፣ ሲመለስ ቢቢ ቢቢ ቢቢ። (ባይቶቹ በአሥራ ስድስት መሠረት ነው የሚጻፉት፤ ፊደሎቹም አኃዝ ናቸው።) ፒ መርዝ ነው። የተመለሰው ዕቃ በ6ቢ ይሞላል፤ የመጨረሻዋ ባይት ኤ5 ትሆናለች። ስለዚህ ክራሽ ሪፖርት ላይ 6ቢ6ቢ6ቢ6ቢ የሚል አድራሻ ካየሽ ሌላ ማስረጃ አትፈልጊ። የሆነ ኮድ የመለሰውን ዕቃ ከፍቶ ውስጡ ያገኘውን መርዝ እንደ ፖይንተር፣ ማለትም እንደ ሌላ ዕቃ አድራሻ፣ ተከትሎታል።

ዩ ግን ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። መዝገቡ እሱ ነው። ማን ወሰደው፣ ማን መለሰው፣ በየትኛው ሲፒዩ ላይ፣ የትኛው ፕሮሰስ፣ ከስንት ጊዜ በፊት። የጊዜው ቁጥር በሰከንድ አይደለም፤ በከርነሉ የራሱ ትርታ፣ በጂፊ ነው። ከርነልሽ በሰከንድ 250 ጊዜ የሚመታ ከሆነ 1500 ማለት 6 ሰከንድ ነው። ብዙ ሰው ይህን ሳያውቅ "ዕድሜ 1500" ሲያይ ሃያ አምስት ደቂቃ አድርጎ ይቆጥረዋል። ዋጋ አለው፤ እነዚህ ሁሉ ሲጨመሩ 64 ባይት የነበረ ዕቃ ከሁለት እጥፍ በላይ ቦታ ይይዛል።

አንዱን በቅርበት ላሳይሽ። ከዓመታት በፊት በሠራሁበት ቤት (ስሙ ይቆይ) ከእናንተ ጋር የሚመሳሰል ማሽን ነበረን። ከሁሉም ደንበኞች የአንድ ሱቅ ማሽን ብቻ ይሞታል። ሱቁ ፒያሳ አካባቢ የባህል ልብስ የሚሸጡ አንድ ጋሼ ናቸው። ጥበቃው "ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው የሚጠፋው" ይላል። ሎጉ 23፡00 ይላል። እኛ ከምሽቱ 5 ሰዓት ነው ብለን ጥበቃውን "ተኝተህ ነው" አልነው። ሰውዬው ልክ ነበር። ማሽኑ ሰዓቱን በዓለም አቀፉ አቆጣጠር ነው የሚመዘግበው፤ ሦስት ሰዓት ስትጨምሪበት ከሌሊቱ 8 ይመጣል። በዚያ ሰዓት ደግሞ የቀኑ ሽያጭ በኔትወርክ ወደ ዋናው ሰርቨር ይላካል። በቃ፣ ጥፋቱ የኔትወርክ ነው ተባለ። ካርዱ ተቀየረ። ራም ሁለቴ ተቀየረ። ማሽኑ መሞቱን ቀጠለ።

ኬማሎክ-64 ላይ አራቱን ፊደል አብርተን ለቀቅነው። በማግስቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ሪፖርት መጣ። በጠራራ ፀሐይ፣ ከሌሊቱ 8 ሳይሆን። "ቀይ ቀጠናው ተጽፎበታል፤ የመጀመሪያዋ ባይት በሲሲ ፋንታ 89" ይላል። ከሥሩ ቀይ ቀጠናው ራሱ ተዘርግቷል፦

89 ቢ5 00 ሲሲ ሲሲ ሲሲ ሲሲ ሲሲ

ከስምንቱ ባይት ሦስቱ ተበልተዋል። የዕቃው የመጨረሻ ባይት ደግሞ ኢ1። ባልደረባዬ ማኪያቶውን አስቀምጦ "ይሄ እኮ አማርኛ ነው" አለ። እውነቱን ነው። በዩቲኤፍ-8፣ ጽሑፍ ወደ ባይት በሚቀየርበት ደንብ፣ የዘወትር ፊደሎቻችን በሙሉ ሦስት ሦስት ባይት ናቸው፤ ሁሉም በኢ1 ይጀምራሉ። ኢ1 89 ቢ5 ማለት "ት" ማለት ነው። ቀጥላ ያለችው 00 የጽሑፉ መዝጊያ ናት።

ከሱቁ ዝርዝር ውስጥ ስሙ በ"ት" የሚያልቅ ሸቀጥ ፈለግን። ተገኘ፦ "ባለ፡ወርቀ፡ዘቦ፡የሐበሻ፡ቀሚስ፡ጥለት"። ጋሼ የድሮ ሰው ናቸው፤ ቃላት የሚለዩት በሁለት ነጥብ ነው። ሁለት ነጥቧም እንደ ፊደል ሦስት ባይት ትበላለች። ቁጠሪው፦ 17 ፊደል፣ 5 ሁለት ነጥብ፣ በድምሩ 22። ሲባዛ በሦስት 66፣ ከመዝጊያው ጋር 67። ድራይቨሩ ለስሙ የወሰደው ዕቃ 64 ነው። በባዶ ቦታ ቢጻፍ ኖሮ 51 ሲደመር 5 ሲደመር 1፣ 57 ባይት፤ ይገባል። ሌላው ሱቅ ሁሉ በባዶ ቦታ ይጽፋል። ድራይቨሩን የጻፈው ልጅ በፊደል ቆጥሮ "24 ፊደል፣ 64 ባይት፣ ይበቃል" ብሏል። ልጁ እኔ ነበርኩ።

ኔትወርኩ ለምን እንደሚሞትም ያኔ ገባን። ሦስቷ ባይት የጎረቤቱን ዕቃ የመጀመሪያ ፖይንተር የታችኛውን ጫፍ ብቻ ነው የምታበላሸው። የላይኛው ክፍል ደህና ስለሆነ አድራሻው ትክክለኛ ይመስላል። ማንም አይጠረጥረውም። ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ኔትወርኩ ተከትሎት ሲሄድ ገደል ይገባል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ያዢልኝ። አንደኛ፣ በዚያ ቀን ማሽኑ አልሞተም። ትርፍ ባይቷ ያረፈችው ቀይ ቀጠናው ላይ ነዋ። ስለብ ሪፖርቱን ካተመ በኋላ ቀጠናውን በሲሲ መልሶ ሞልቶ "አስተካክያለሁ" ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ዲበጉን አብርተሽ ክራሹ ቢጠፋ "ተስተካከለ" ብለሽ እንዳትዘጊው፤ ሎጉን አንብቢ። ሁለተኛ፣ ቀይ ቀጠናው የሚፈተሸው በሚጻፍበት ቅጽበት አይደለም፤ በአብዛኛው ዕቃው ሲመለስ ነው። የእኛ ዕቃ ደረሰኙ ታትሞ ወዲያው ስለሚመለስ ዕድላችን ነበር። ዕቃውን ለሰዓታት የሚይዝ ድራይቨር ከሆነ ግን ሪፖርቱም ለሰዓታት ይዘገያል።

ለዚያ ጥሩ ዘዴ አለ። በሲስ ማውጫ ውስጥ፣ ከርነል ውስጥ፣ ስላብ ውስጥ እያንዳንዱ መደርደሪያ የራሱ ማውጫ አለው። እዚያ "ቫሊዴት" የምትባል ፋይል ታገኛለሽ። 1 ስትጽፊባት ከርነሉ መደርደሪያውን በሙሉ ያኔውኑ ይቆጥራል። በየደቂቃው እንድትጻፍ በክሮን፣ ትእዛዝን በሰዓቱ በሚያስፈጽመው ፕሮግራም፣ አድርጊው። ጉዳቱ በየትኛዋ ደቂቃ እንደደረሰ ታውቂያለሽ፤ ከዚያ በዚያች ደቂቃ ማሽኑ ምን እያተመ እንደነበር መፈለግ ነው።

ጉዳቱን በሚደርስበት ቅጽበት እጅ ከፍንጅ መያዝ ከፈለግሽ ካሳን የሚባል የከርነሉ መፈተሻ አለልሽ። በ2015 ከ4.0 ከርነል ጋር የመጣ ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይረው ኮምፓይለር በእያንዳንዱ የሜሞሪ ንክኪ ፊት ፍተሻ ያስገባል፤ ለዚህም ከሜሞሪው አንድ ስምንተኛውን ለጥላ መዝገብ ይወስዳል። ሪፖርቱ በጣም ጥሩ ነው፦ ማን ጻፈ፣ ስንት ባይት፣ የማን ዕቃ ላይ፣ ማን ወስዶት ነበር፣ ማን መለሰው። ከርነሉን እንደገና መገንባት ይጠይቃል፤ ይጎትታልም። ቢሮ ጠረጴዛ ላይ ላለው ማሽን ነው፣ ለመርካቶ ሱቅ አይደለም።

ለሱቅ የሚሆነው ኬፌንስ ነው። ከ5.12 ጀምሮ፣ 2021 ማለት ነው። ይህ ሁሉንም አይጠብቅም፤ ቅንብሩ ካልተቀየረ በየ100 ሚሊሰከንዱ አንድ ዕቃ መርጦ ዙሪያውን አጥሮ ያስቀምጠዋል። አጥሩን የነካ ያኔውኑ ይያዛል። በነባሪው 255 ዕቃ ይይዛል፤ የሚወስደው ሁለት ሜጋባይት ገደማ ነው። አንድ ማሽን ላይ ወር ሊፈጅ ይችላል። ሃምሳ ማሽን ካላችሁ ግን ሃምሳ ሎተሪ በየቀኑ እየቆረጣችሁ ነው፤ አንዱ ይወጣል።

እናንተ ራሳችሁ ደግሞ ዛሬውኑ ልታደርጉት የምትችሉት አለ። ድራይቨራችሁ ከጋራው ኬማሎክ-64 መውሰዱን ትቶ በራሱ ስም መደርደሪያ ያስከፍት። አንድ ፈንክሽን መጥራት ነው። ያኔ ሞልቶ የፈሰሰው የራሳችሁን ዕቃ ይነካል፤ ክሱም በስማችሁ ይመጣል። አለቃሽ ደስ ይለዋል፣ አንቺም መተኛት ትችያለሽ። ግን አንድ ወጥመድ አለ። ከርነሉ ቦታ ለመቆጠብ ተመሳሳይ መጠን ያላቸውን መደርደሪያዎች በስውር ያዋሕዳል። ስለዚህ በቡት መስመሩ ላይ "ስላብ ኖመርጅ" የሚለውን ጨምሪ፤ እዚህም መካከሉ ላይ አንደርስኮር አለ። ይህን ሳያውቁ "የራሳችን መደርደሪያ እኮ አለን" እያሉ ሳምንት የሚለፉ ሰዎች አይቻለሁ።

የድራይቨራችሁንም መልእክቶች ተመልከቱ። "የሜሞሪ ስህተት" ብሎ የሚያትም ኮድ ባያትም ይሻላል። ስንት ባይት ተጠየቀ፣ ስንት መጣ፣ የትኛው ደረሰኝ፣ ከየትኛው ፈንክሽን ተጠራ? እነዚህ ይታተሙ። በሴኮንድ ሺህ ጊዜ እንዳይደጋገምና ዋናውን መስመር ከሎጉ እንዳያባርረው ገደብ ያለውን ማተሚያ ተጠቀሙ። ጽሑፍ ስትገለብጡም መጠኑን የሚያከብረውን ስትርስኮፒን ተጠቀሙ። ካልበቃ ቆርጦ በስህተት ቁጥር ይነግራችኋል። የሚቆርጠው ግን በባይት ነው። ፊደል መሐል ከቆረጠ ደረሰኙ ላይ እንግዳ ምልክት ይወጣል፤ ወደ ኋላ ሄዳችሁ ሙሉ ፊደል ላይ ማቆም የእናንተ ሥራ ነው።

ሪፖርቱ ካልተረፈ ይህ ሁሉ ከንቱ ነው። እዚህ ብዙ ሰው ይሸነፋል። ማሽኑ ሲደርቅ ባለሱቁ ሶኬቱን ነቅሎ ይሰካዋል፤ ማስረጃው ያኔ ያልቃል። ራምኡፕስ የሚባለው ዘዴ የመጨረሻዎቹን መስመሮች ሜሞሪ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ሪስታርት ሲደረግ ይተርፋሉ፣ መብራት ሲጠፋ ግን አብረው ይጠፋሉ። በእኛ ከተማ እሱን ብቻ አትመኚ። ኔትኮንሶል ይሻላል። ከርነሉ ሎጉን በኔትወርክ ወደ ሌላ ማሽን እየላከ ይሞታል። ኪቦርዱ የተሰበረ አሮጌ ላፕቶፕ ይበቃል፤ ባትሪው ከሠራ ደግሞ መብራትም አያሳስብሽም።

የመጀመሪያውን ሪፖርት ብቻ ነው የምታምኚው። ከዚያ በኋላ የሚመጡት የእሱ ልጆች ናቸው። መለያው ቀላል ነው። በሪፖርቱ ራስ ላይ "ቴይንትድ" (የተበከለ) ከሚለው ቀጥሎ ፊደሎች አሉ። ኦ ካለ ከከርነሉ ውጭ የተጻፈ ሞጁል ተጭኗል ማለት ነው፤ የእናንተው ነው፣ ይጠበቃል። ቢ ካለ ግን ከዚህ በፊት ሌላ ጉዳት ተመዝግቧል ማለት ነው። ወደ ላይ ውጪና ቢ የሌለበትን ፈልጊ።

ለእያንዳንዱ ለደንበኛ የምታወጡት ከርነል ቪኤምሊኑክስ የሚባለውን ፋይል ከነዲበግ መረጃው፣ የሞጁሉንም ፋይል አስቀምጡ። ከከርነሉ ሶርስ ጋር የሚመጣው የስታክ ትሬስ መፍቻ ስክሪፕት በእነሱ ነው አድራሻዎቹን ወደ ፋይል ስምና መስመር ቁጥር የሚቀይረው። በኋላ እንደገና ገንብቼ አገኘዋለሁ አትበዪ፤ አንድ የኮምፓይለር ለውጥ ቁጥሮቹን ሁሉ ያዛባቸዋል።

አራቱን ፊደል አብርተሽ ሪፖርት ሲመጣ ላኪልኝ። በስልክ ፎቶ አይሁን፣ ጽሑፉ ይሁን። ከላይኛው የእኩል ምልክት መስመር ጀምረሽ "አስተካክያለሁ" እስከሚለው ድረስ፣ ምንም ሳትቆርጪ። ቀይ ቀጠናው ላይ ያሉትን ባይቶች ግን ከመላክሽ በፊት ራስሽ አንብቢያቸው። ኢ1 ካገኘሽ ድራይቨሩን ትተሽ መጀመሪያ የሸቀጦቹን ዝርዝር ክፈቺ።